የመድን ቤቱ ግብርና የባለ ወልድ ጽዋዬ

ቂም መያዝ ኃጢአት ነው ይላሉ የነፍስ አባቴ አባ ወልደሰንበት። እኔ ግን አንድ ቂም ይዤ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የያዝኩት ደግሞ በሰው ላይ አይደለም፤ በወረፋ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ሰረገላ መድን በሚባል ድርጅት ተላላኪ ነኝ። ድርጅታችን ትልቅ የሚባል አይደለም፤ ከመጋዘኖቹ መሀል አንድ ፎቅ ይዞ ለከባድ መኪና ባለቤቶች ኢንሹራንስ ይሸጣል። መድን ሻጭም እንደማንኛውም ነጋዴ ግብር አለበት። ከደንበኛ የሰበሰበውን የቴምብር ቀረጥና ከሠራተኛ ደመወዝ የቆረጠውን በየወሩ፣ ከትርፉ ላይ የሚደርስበትን ደግሞ በዓመት አንዴ ይከፍላል። ያ ሁሉ ባንክ በሚያሠራው ቼክ፣ ሲፒኦ በሚሉት ይሆንና በፖስታ ታሽጎ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ግብር መክፈያው ሄጄ እቆማለሁ። ሥራዬ መቆም ነው።

መቆሙንስ ልቻለው። ያንገበገበኝ ቀኑ ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን አቶ ሰይፈሥላሴ «ግብር ቀድሞ የከፈለ ሞኝ፣ ዘግይቶ የከፈለ ወንጀለኛ» የምትል ራሳቸው ያወጧት ምሳሌ አለቻቸው። ስለዚህ ቼኩ ከሳቸው ጠረጴዛ የሚነሣው ወር በገባ በሃያ ዘጠኝ ነው። ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ባለ ወልድ ነው፤ የማኅበሬ ቀን።

የማኅበራችን ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ሕጉ አንዲት ናት፤ ጽዋ የሚሰጠው በአካል ለተገኘ ነው። ልጅ ለእናቱ፣ እህት ለእህቷ አይቀበልም። እኔ ከወረፋው ስመለስ ዳቦው አልቆ፣ የጠላው ጋን ተደፍቶ፣ አባ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሲወጡ በር ላይ እንገናኛለን። መዋጮዬን አጓድዬ አላውቅም፤ የቀረሁበትንም ቅጣት እከፍላለሁ። ጽዋው ግን አንድም ቀን ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ጎረቤቴ ዲንቄ «አቻሜ፣ አንቺ እኮ ማኅበርሽ ወረፋው ጋ ነው፤ እዚያ ቢደግሱልሽ ይሻላል» ትለኛለች። እሷ ትስቃለች። እኔን ግን አያስቀኝም።

ባቡሩ ቃሊቲ መመላለስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ጥቅምት ሃያ ስምንት ጠዋት። ጥቅምት ሲያልቅ የትላልቆቹ ድርጅቶች የዓመት ግብር ስለሚዘጋ ወረፋው ከግቢው ወጥቶ አጥሩን ይዞራል። ይህን እያሰብኩ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ውሳኔ በሆዴ ይዤ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ተዘግቶ አገኘሁት። አንድ ተሳቢ መኪና ተገልብጦ የጫነው መኮረኒ አስፋልቱን ሞልቶታል። ሰው አልተጎዳም። ሹፌሩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ታክሲው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል።

በዚያ መሀል የሂሳብ ሠራተኛችን ዓሊያ ከባቡር ወርዳ መጣች። ዓሊያ የስልጤ ልጅ ናት፤ አባቷ ሳሪስ አቦ ሱቅ አለው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኛ ጋ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። ወዲያው ደግሞ አቶ ሰይፈሥላሴ መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ ክራቫታቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለች ዓሊያ ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ መኪና የኛ ደንበኛ እንዳይሆን ብቻ» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

ሆኖ ተገኘ። ባለመኪናው ኩምሳ ከመኮረኒው መሀል እየረገጠ ብቅ አለ። ያዘነ ሰው አይመስልም።

«ጋሽ ሰይፉ! እግዜር ነው ያመጣዎት! ሹፌሬ ደህና ነው፤ መኮረኒው ግን ቃሊቲ ሳይበስል ተበላ!»

«አይዞህ ኩምሳ። በርታ።»

«ኧረ እኔ ምን ሆኜ! ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ አይደል በየዓመቱ የምከፍላችሁ? አንድ ነገር ብቻ፤ ካሳውን ቼክ ነው ምናምን ነው ብላችሁ እንዳታመላልሱኝ። እንደ አምናው በሂሳቤ አስገቡልኝ። አምና አዋሽ ምሳ እየበላሁ ነው በስልኬ መልእክት የገባልኝ።»

«እሱማ ያለ ነው፤ በሂሳብህ ይገባል» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ትከሻውን መታ አድርገው።

መንገዱ ቶሎ እንደማይከፈት ስናውቅ ሦስታችንም በእግር ወደ ቢሮ ጀመርን። ዓሊያ ወደ አቶ ሰይፈሥላሴ ጠጋ ብላ፣

«ጋሼ፣ የዚያ የስብሰባው ነገር እንዴት ይሁን? ነገ ሃያ ዘጠኝ ነው» አለች።

«የምን ስብሰባ?» አልኩ እኔ።

«ባለፈው ለመድን ድርጅቶች ሁሉ ተነግሮናል፤ እትዬ አቻምየለሽ። ከዚህ ወር ጀምሮ ግብራችንን በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንድንከፍል። በኮምፒውተር አስታውቀን፣ ገንዘቡ ከኛ ባንክ ሂሳብ ወደ መንግሥት ሂሳብ በቀጥታ ይዛወራል። ሄዶ መቆም ቀረ።»

እኔ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ ጋሪ ሊገጨኝ ነበር።

«ሄዶ መቆም ቀረ? እና ይህን እያወቁ ነው ትናንት ፖስታ ያሸጉልኝ?»

አቶ ሰይፈሥላሴ ሳል አበዙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልናገርላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ይዘው አንዲት ሳንቲም ያላጎደሉ ናቸው። ንጹሕ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ድርቅ ያለ ነው፤ ንጹሕ የሆነው በልማዱ ይመስለዋል።

«አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር መሮጥ አልወድም» አሉ። «ስሚኝ ልጄ ዓሊያ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ምስክር አለው። ሰጪው አለ፣ ተቀባዩ አለ፣ ከኋላ የቆመው ሰው አይቷል። በሽቦ ውስጥ የሄደ ገንዘብ ቢጠፋ ማንን ምስክር ትጠሪያለሽ? ሽቦውን?»

«ጋሼ፣ ምስክሩ እንዲያውም በዛ። የኛ ባንክ በስንት ሰዓት እንዳወጣ ይይዛል፤ የተቀበለው ባንክ በስንት ሰዓት እንደገባ ይይዛል፤ ግብር ሰብሳቢውም ደረሰኝ ይልካል። ቼኩን ግን እትዬ አቻምየለሽ ደረታቸው ውስጥ ይዘውት ሲሄዱ ምስክሩ ማን ነው?»

«እግዚአብሔር» አልኩ። «ደግሞ ኪስ አውላቂው።»

«ማኅተሙስ?» አሉ እሳቸው እኔን እንዳልሰሙ። «ክብ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት እኔ ደረሰኝ አልለውም።»

«ክብ ማኅተም ያረፈበትን እኮ አይጥ በላው ጋሽ ሰይፉ!» አልኩ። «ረሱት? ኦዲተሮቹ መጥተው መሳቢያውን ሲከፍቱ አይጧ ማኅተሙን ከነቀለሙ ቆርጥማ ጠርዙን ትታልናለች። ግልባጭ ለማምጣት እንደገና የቆመው ማን ነበር?»

ዓሊያ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩና ጣታቸውን አነሡ።

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ ራስሽ ለጽዋ በአካል ካልተገኙ አይሆንም የምትይ ሴት ነሽ። በስልክ ጽዋ ትቀበያለሽ? በሽቦ ዳቦ ይላክልሻል? ለማኅበር በአካል መቅረብ ክብር ከሆነ፣ ለመንግሥት በአካል መቅረብ ምኑ ነው ነውሩ?»

እውነት ለመናገር ነገሩ ያዘኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ የራስሽን በትር ተቀብሎ ይመታሻል። እስከ ሲሚንቶ መጋዘኑ አጥር ድረስ መልስ እየፈለግኩ ሄድኩ። ከዚያ መጣልኝ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ማኅበር የሚፈልገው እኔን ነው» አልኩ። «ሳልመጣ ስቀር ዲንቄ ታማ ይሆን ትላለች፤ አባ ስሜን ይጠራሉ። ግብሩ ግን የሚፈልገው ገንዘቡን ነው። በዚያ መስኮት ስንት ዓመት ስቆም አንድ ሰው ‹አቻምየለሽ፣ ባለፈው ወር ከሳሽብን› ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሰው የሚፈለግበት ቦታ ይሂድ፤ ገንዘብም ገንዘብ የሚፈለግበት ይሂድ። እርስዎ አቀያየሩት። ገንዘቡን አስቀምጠው እኔን ይልካሉ።»

«እህ» አሉ።

«ሌላም አለኝ። አሁን ለኩምሳ ምን አሉት? በሂሳብህ ይገባል። ለኩምሳ በሂሳብ፣ ለመንግሥት በኔ እግር? ኩምሳ ገንዘቡ ሲሄድ አላየም፤ ሲገባ ግን አየ። ለመሆኑ እርስዎ ራስዎ ምንድን ነው የሚሸጡት? ሰው የዛሬ ብሩን ሰጥቶዎት ለነገ አደጋ ቃል ይገዛል። ቃሉን ማን ዳስሶት ያውቃል? የማይዳሰስ ነገር ሲሸጡ ኖረው፣ የማይዳሰስ ነገር ሲያዩ ይደነግጣሉ!»

ዓሊያ አሁን ሳቋን መያዝ አቃታት። «ወላሂ እትዬ፣ ይህን እኔም አላሰብኩትም» አለች።

አቶ ሰይፈሥላሴ አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ክራቫታቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለሷ ብቻ እንደሚናገሩ፣ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ በብዕር ስፈርም እጄ አይስትም። ያንን ቁልፍ ስነካ ግን እፈራለሁ። አንድ ቁጥር ብሳሳት የድርጅቱ ገንዘብ የማን ቤት እንደሚገባ ማን ያውቃል? ደግሞም አንዴ በኮምፒውተር ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ? እናንተ ልጆቹ ትጨርሱታላችሁ።»

ለካ ነገሩ ይህ ነበር! ሰው ልማድን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ልማዱን ወድዶ አይደለም፤ ከሌለ እኔ ማን ነኝ ብሎ ፈርቶ ነው።

ዓሊያ ወዲያው ከጎናቸው ሆነች። «ጋሼ፣ እኔ ላዘጋጅ እችላለሁ እንጂ መላክ አልችልም። አሠራሩ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል ነው። የማጽደቂያው የይለፍ ቃል የርስዎ ነው፤ ትልልቁን ክፍያ ደግሞ ከርስዎ ሌላ ዋና ሥራ አስኪያጁም ያጸድቁታል። እርስዎ ሳያዩት አንዲት ሳንቲም አትንቀሳቀስም። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ ያንብቡት፤ ከኋላዎ የሚገፋ ወረፋ የለም። ትንሹን፣ የቴምብር ቀረጡን፣ ዛሬ እንሞክረው። እምቢ ካለ እኔ ራሴ ነገ ቼኩን ይዤ እቆማለሁ።»

«አንቺ ትቆሚያለሽ?»

«እቆማለሁ።»

«እንግዲያው ይሞከር» አሉ።

ቢሮ እንደገባን ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ተሰበሰብን። ዓሊያ ጻፈች። አቶ ሰይፈሥላሴ ቁጥሩን እንደ ውዳሴ ማርያም ድምፅ አውጥተው ደጋገሙት። ጣታቸውን አንሥተው ሊነኩ ሲሉ፣ ድርግም! መብራት ጠፋ።

«አያችሁ!» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «አያችሁ! አላልኩም?»

«መብራትማ ወረፋው ላይም ይጠፋል ጋሽ ሰይፉ» አልኳቸው። «ያን ጊዜ እኔ ፀሐይ ላይ ነኝ። አሁን እርስዎ ወንበር ላይ ነዎት። ልዩነቱ ይህ ነው።»

ዓሊያም «ያልጸደቀ ነገር አይሄድም፤ ገንዘቡ እዚያው ሂሳባችን ውስጥ ነው» አለቻቸው። አላመኑም። ባንክ ደውለው ጠየቁ፤ እውነትም እዚያው ነው። መብራቱ ሲመለስ እንደገና አነበቡ፤ አማተቡ፤ ነኩ። ትንሽ ቆይቶ ደረሰኙ መጣ። አሁንም ባንክ ደወሉ። «ደርሷል» ተባሉ። ደረሰኙን አሳትመው አገላብጠው አዩና፣ ነገሩ ሆዳቸውን ስላልሞላው መሳቢያቸውን ከፍተው የራሳችንን ድርጅት ክብ ማኅተም ዷ አደረጉበት። «አሁን ደረሰኝ መሰለ» አሉ። ያን ቀን ዓሊያ የሳቀችው ሳቅ ታች መጋዘኑ ድረስ ተሰምቷል።

እኔም ያለቀ መስሎኝ ነጠላዬን ሳነሣ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ ያንኑ የታሸገ ፖስታ ዘረጉልኝ።

«ትልቁን፣ የዓመቱን ግብር፣ ሥራ አስኪያጁ ነገ ጠዋት ሲመጡ እንልከዋለን። አንቺ ግን ለማንኛውም ቼኩን ይዘሽ ወረፋ ያዢ። እዚህ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ አንቺ አለሽ።»

አየህ አንባቢ! የኛ ሰው እንዲህ ነው። ድልድይ ይሠራና፣ ለማንኛውም ብሎ አንዱን ሰው በወንዙ ያሻግራል።

«አልይዝም» አልኩ፤ ጠዋት በሆዴ የያዝኩት ውሳኔ ይህ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«አልይዝም ጋሽ ሰይፉ። ነገ ባለ ወልድ ነው፤ ማኅበሬ እሄዳለሁ። አምነው ከላኩት ይመኑት። ካላመኑት ዓሊያ እቆማለሁ ብላለች፤ እርስዎም እግር አለዎት።»

ፊታቸው ቀላ። «አቻምየለሽ፣ ነገ ከቀረሽ ከነገ ወዲያ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል!»

«ወንበር መቼ ሰጡኝና!» አልኩና ወጣሁ።

እንዲህ ብዬ ስወጣ ጀግና መስያለሁ። ባቡሩ ሥር ስደርስ ግን ያለብኝን መቁጠር ጀመርኩ። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ባል የለኝም፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ግትር ናት ይሉኛል፤ ነኝ።

በማግሥቱ ማኅበሩ ዲንቄ ቤት ነበር። ገና በር ላይ ስታየኝ «ወይኔ ልጆች! ወረፋው ሞተ እንዴ?» ብላ እልል አለች። ከአባ በስተግራ አስቀመጡኝ። ዳቦው ሳይቆረስ ደርሼ አላውቅም ነበርና ዳቦው ሲባረክ አፌን ከፍቼ አየሁ። በልተን፣ ጠጥተን፣ ተጫውተን፣ ጸሎቱ ደረሰ። አባ ወልደሰንበት ጽዋውን አንሥተው «የሚቀጥለውን ወር የሚቀበል ማን ነው?» ሲሉ፣ እኔም ብድግ ስል፣ ስልኬ ጮኸ። አየሁት። አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው።

ዲንቄ በዓይኗ ስልኩን፣ አባ በዓይናቸው እኔን ያያሉ። ያልተሳካ ከሆነ ሩጪ ሊሉኝ ነው፤ ካልሮጥኩ እንጀራዬ ሄደ። ስልኩ ይጮሃል። መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አልኩ። «በአካል አለሁ።»

ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት እንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ መልሼ ደወልኩ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ ገና «አቤት» ሳልል። «የምሥራች ልነግር ስደውል አታነሺም? ገባ! የዓመቱ ግብር ገባ! ደረሰኙ መጣ! ሥራ አስኪያጁ ቡናቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ!»

«ማኅተምስ አደረጉበት?»

«አድርጌበታለሁ» አሉና መሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቅሁ። «ነገ በጊዜ ነይ። ወንበር አስመጥቼልሻለሁ።»

ወንበሩ ዛሬም አለ። አደጋ ደርሶበት ለካሳ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ሹፌሩ ደንግጦ፣ ሚስቱ አልቅሳ ይመጣሉ፤ አስቀምጬ ውኃ እሰጣለሁ፤ ምን ምን ይዘው እንደሚመጡ በሚገባቸው አማርኛ እነግራቸዋለሁ። ሰው የሚፈለግበት ቦታ ይህ ነው። ግብሩ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ቼክ ጠፋ አልጠፋ ብሎ የሚሳቀቅ የለም። ቀን አለፈ ተብሎ ቅጣት የለም። ደረሰኙን ኦዲተር ሲጠይቅ ዓሊያ እንደገና ታሳትመዋለች፤ አይጥም ሥራ ፈታች። ከሁሉ የሚገርመው አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ያቺን ምሳሌያቸውን ጥለው አሁን ወር ሳይጋመስ ይከፍላሉ። ሌሎች መድን ቤቶች ያሉ ጓደኞቻቸውን እየደወሉ «እስካሁን በእግር ነው የምትከፍሉት?» እያሉ ይቆጧቸዋል።

ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ጽዋው ቤቴ ገባ። ጾም ስለሆነ ድፎውን፣ ንፍሮውን፣ ምስሩን አሰናዳሁ፤ ጠላዬም ዲንቄን እንኳ ዝም ያሰኘ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ዓሊያም ለስላሳ ይዛ መጣች፤ ከሴቶቹ ጋር ንፍሮ ስትቆረጥም ዋለች። እሳቸው አባን ይዘው ስለ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ ጥቅም ሲያስረዱ፣ አባም በትዕግሥት ሲሰሙ ቆዩና፣

«እና ልጄ፣ ይህ ነገር መብራት ሲጠፋስ?» ብለው ጠየቁ።

«አባቴ፣ መብራትማ ይመለሳል!» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ ደረታቸውን ነፍተው።

እኔ እንጀራ ላቀርብ ቆሜ ነበር። ዲንቄ ሞሰቡን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ቁጭ በይ፤ ስትቆሚ ኖረሻል» አለችኝ። እምቢ ማለት ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን እሺ አልኩ፤ በገዛ ቤቴ፣ በእንግዶቼ መሀል፣ ቁጭ አልኩ።